«በሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ» በእንግሊዝኛ የት ትቁም? ተውሳከ ግስና ፓርቲሲፕል ስምን የሚገልጹበት መንገድ

በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አናት ላይ ከማትጠፋ አንዲት የእንግሊዝኛ ሐረግ ልጀምር፦ «ቱ ዘ ኮንሰርንድ ቦዲ»። ጸሐፊው «ለሚመለከተው አካል» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን መጀመሪያ የሚሰማው «ለተጨነቀው አካል» ነው። ቃሉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው መቀመጫው ነው። «ኮንሰርንድ» ከስሙ ፊት ሲሆን ብዙውን ጊዜ «ያሳሰበው፣ የተጨነቀ» ማለት ነው፤ ከስሙ ኋላ ሲሆን፣ ማለትም «ዘ ፒፕል ኮንሰርንድ» ስንል፣ «የሚመለከታቸው ሰዎች» ይሆናል። (ለደብዳቤው የተለመደው «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ነው።)

የዚህ መመሪያ ጉዳይ ይኸው ነው፦ ተውሳከ ግስና ፓርቲሲፕል (ከግስ የተወለደ ገላጭ) ስምን ሲገልጹ የት ይቀመጣሉ? አማርኛ ገላጩን ከስሙ ጋር የሚያስተሳስረው በቅጥያ ነው፤ «የቆመችው» ስንል የቆመችው ሴት መሆኗን፣ አንድ መሆኗንና የምናውቃት መሆኗን ግሱ ራሱ ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ስታንዲንግ» ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይናገርም። ማን እንደቆመ የሚታወቀው ቃሉ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ በማየት ብቻ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የቦታ ስህተት የትርጉም ስህተት ነው።

ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧቸው። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እርምጃ 1፦ ስሙን ያዙና «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ

ዐረፍተ ነገሩን ከመተርጎማችሁ በፊት ስሙን አግኙ። ቀጥሎ «የትኛው?» ብላችሁ ስትጠይቁ መልስ የሚሆነው ቃል ሁሉ የስሙ ገላጭ ነው። ቃሉ «እንዴት? መቼ? የት ተደረገ?» ለሚለው ከመለሰ ግን የግሱ ነው።

በአማርኛ ገላጭ ሁሉ ከስሙ ይቀድማል። አንድ ቃልም ቢሆን ሃያ ቃልም ቢሆን ስሙ መጨረሻ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል፦ አንድ ቃል ከሆነ በአብዛኛው ከፊት፣ ተከታይ ያለው ሐረግ ከሆነ ከኋላ። «ዘ ብሮክን ግላስ» የተሰበረው ብርጭቆ ነው፤ «ዘ ግላስ ብሮክን ባይ ዘ ቻይልድ» ደግሞ ልጁ የሰበረው ብርጭቆ። «ባይ ዘ ቻይልድ» የሚል ጭነት ስለተጨመረበት «ብሮክን» ከፊት ወደ ኋላ ዞረ።

እርምጃ 2፦ ስምን የሚገልጹትን ተውሳከ ግሶች ለዩ

በትምህርት ቤት የተማርነው ትርጓሜ እዚህ ላይ ያደናቅፋል። «ተውሳከ ግስ» የሚለው ስም ራሱ በግስ ላይ የሚጨመር ማለት ነው፤ ግስን፣ ቅጽልንና ሌላ ተውሳከ ግስን ይገልጻል፣ ስምን ግን አይገልጽም ተብለን ነበር። እንግሊዞቹ ግን «ዘ ፒፕል አፕስቴርስ» ይላሉ፤ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች። «ዘ ማን አውትሳይድ» ውጭ ያለው ሰውዬ ነው፤ «ዘ ሚቲንግ የስተርደይ» የትናንቱ ስብሰባ፤ «ዘ ፓራግራፍ ቢሎው» ከታች ያለው አንቀጽ፤ «ዘ ዌይ ሆም» ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ። ግስ የለም፤ የተገለጸው ስሙ ነው። አንዳንድ የሰዋስው ምሁራን እነዚህን የቦታ ቃላት ተውሳከ ግስ ከማለት ይልቅ ተሳቢ የሌለው መስተዋድድ ብለው ይመድቧቸዋል። ለእኛ ሥራ ግን የምድቡ ስም ለውጥ አያመጣም።

ልብ በሉ፦ በአማርኛው «ያሉት»፣ «ያለው»፣ «የሚወስደው» የሚሉ ግሶች ገብተዋል፤ በእንግሊዝኛው የሉም። ተማሪ «ያሉት» የሚለውን ልተርጉም ብሎ «ዘ ፒፕል አር አፕስቴርስ» ሲል ሐረጉ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ያርፈዋል፤ «ሰዎቹ ፎቅ ላይ ናቸው» ማለት ነው። ግሱን ተዉት።

ይህ ዓይነቱ አገላለጽ በዋናነት የቦታና የጊዜ ነው። በ«ሊ» የሚያልቁ የአኳኋን ቃላት እንዲህ ስም ላይ ተንጠልጥለው አይሄዱም፤ «ዘ ክዊክሊ ማን» አይባልም። ግሱ ወደ ስም ሲለወጥ ተውሳከ ግሱም ወደ ቅጽል ይለወጣል፦ «ሺ ሲንግስ ቢዩቲፉሊ» የነበረው «ኸር ቢዩቲፉል ሲንጊንግ» ይሆናል። «ደይሊ»፣ «ፍሬንድሊ»፣ «ሎንሊ» የሚሉት በ«ሊ» ቢያልቁም ቅጽል ሆነው ያገለግላሉ፤ «አ ደይሊ ኒውስፔፐር» ማለት ምንም ነውር የለበትም።

ከስሙ ፊት መቀመጥ የሚችሉም አሉ፦ «አን አፕስቴርስ ሩም»፣ «ዘ አባቭ ፓራግራፍ»። እኔ የምወዳት «ዜን» የምትለዋን ነው። «ምኒልክ፣ ዘ ዜን ኪንግ ኦፍ ሸዋ» ስንል «በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ» ማለታችን ነው፤ አማርኛው ሦስት ቃል («በዚያን»፣ «ጊዜ»፣ «የነበሩት») የፈጀበትን «ዜን» ብቻዋን ትሸከመዋለች። ከ1889 በፊት ስላለው ዘመን ለሚጽፍ ሰው ደህና መሣሪያ ናት።

አሁን ወደ ጥርጣሬው እንምጣ። «አይ ሜት ዘ ፒፕል አፕስቴርስ» ምን ማለት ነው? ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች አገኘኋቸው? ወይስ ሰዎቹን ያገኘኋቸው ፎቅ ላይ ነው? ሁለቱንም ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ስሙን ከነገላጩ አንሡና «ዜም» የሚለውን ተውላጠ ስም ተኩ። «አይ ሜት ዜም» ብላችሁ ሐሳባችሁ ከተሟላ «አፕስቴርስ» ከስሙ ጋር አብሮ ሄዷል፤ የስሙ ገላጭ ነበር ማለት ነው። «አይ ሜት ዜም አፕስቴርስ» ማለት ግድ ከሆነባችሁ ግን የግሱ ነበር። ይህች ፈተና ለፓርቲሲፕልም ትሠራለችና አትርሷት።

እርምጃ 3፦ «ብቻ»ን እና «እንኳ»ን ገልብጡ

አማርኛ «ብቻ» እና «እንኳ» የሚሉትን ከሚያተኩሩበት ቃል ኋላ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ «ኦንሊ» እና «ኢቭን» የሚሉትን ከፊት። «አልማዝ ብቻ ዓሣውን በላች» (ሌላ ሰው አልበላም) «ኦንሊ አልማዝ ኤት ዘ ፊሽ» ነው። «አልማዝ ዓሣውን ብቻ በላች» (ሌላ ምግብ አልነካችም) «አልማዝ ኤት ኦንሊ ዘ ፊሽ» ነው። በአማርኛው ቅደም ተከተል ሄዳችሁ «አልማዝ ኦንሊ ኤት ዘ ፊሽ» ካላችሁ፣ የመጀመሪያውን ልትሉ አስባችሁ ሰሚው የሚገባው ሁለተኛው ነው። «መምህሩ እንኳ ሳቁ» የሚለውም «ኢቭን ዘ ቲቸር ላፍድ» ነው። «ኦልሞስት ኤቭሪዋን» ያው ነው፤ ከፊት።

እርምጃ 4፦ «ኢንግ» ወይስ «ኢዲ»?

ፓርቲሲፕል ከግስ የተወለደ ገላጭ ነው። ሁለት መልክ አለው፦ በ«ኢንግ» የሚያልቀው አድራጊውን፣ በ«ኢዲ» የሚያልቀው (ወይም እንደ «ብሮክን»፣ «ቴከን»፣ «ሪትን» ሦስተኛ ቅርጽ ያለው) ተደራጊውን ይገልጻል። «ዘ ቲቺንግ ስታፍ» የሚያስተምሩት ናቸው፤ «ዘ ላንጉዌጅ ቶት ኢን ስኩልስ» በትምህርት ቤት የሚሰጠው ቋንቋ። ሰው ሰልችቶት «አይ አም ቦሪንግ» ቢል ራሱን «አሰልቺ ነኝ» ብሎ ሰደበ እንጂ ስሜቱን አልተናገረም፤ «አይ አም ቦርድ» ማለት ነበረበት።

እስከዚህ ድረስ የየትኛውም አገር መጽሐፍ ይነግራችኋል። የአማርኛ ተናጋሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው።

አማርኛ አንዳንድ ሁኔታዎችን በኃላፊ ጊዜ ግስ ይናገራል። «ቆማለች» ስንል አሁን ቆማ ትታያለች፤ «ቀይ ቀሚስ የለበሰችው» ስንል መልበሷ ቢያልቅም ልብሱ ገላዋ ላይ ነው። «የቆመች»፣ «የተቀመጠ»፣ «የተኛ»፣ «የለበሰች»፣ «የያዘ»፣ «የተሸከመ»፣ «ያዘለች»፣ «የተደገፈ» ሁሉም እንዲህ ናቸው። ቅርጻቸው ኃላፊ፣ ትርጉማቸው የአሁን። የእንግሊዝኛው አቻቸው ሁሌ ማለት ይቻላል «ኢንግ» ነው፦

በሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ፦ «ዘ ገርል ስታንዲንግ ባይ ዘ ዶር»።
ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ፦ «ዘ ገርል ዌሪንግ አ ሬድ ድሬስ»።
ልጅ ያዘለች ሴት፦ «አ ውመን ካሪይንግ አ ቤቢ ኦን ኸር ባክ»።
ግድግዳውን የተደገፈው ሰውዬ፦ «ዘ ማን ሊኒንግ ኦን ዘ ዎል»።
ውሃ የያዘ ጠርሙስ፦ «አ ቦትል ኮንቴይኒንግ ዎተር»።

የመጨረሻው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ዘ ቦትል ኢዝ ኮንቴይኒንግ ዎተር» አይባልም፤ «ኮንቴይን»፣ «ኖው»፣ «ቢሎንግ» ዓይነቶቹ ግሶች እንደ ዋና ግስ ሲሆኑ «ኢዝ … ኢንግ» አይወዱም። ስምን ሲገልጹ ግን ያለ ችግር «ኢንግ» ይቀበላሉ።

ሌላው አሳሳች «ተ» ናት። «የተሰበረው» ላይ ያለችው «ተ» ተገብሮን ታሳያለች፤ «የተቀመጠው» ላይ ያለችው ግን አታሳይም። ስታመነቱ «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ብርጭቆው በማን ተሰበረ? ጥያቄው ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ብሮክን»። ሰውዬው ወንበር ላይ በማን ተቀመጠ? አያስኬድም፤ ስለዚህ «ሲቲንግ»። ከዚህ የሚያመልጡ ጥቂት አሉ፤ «የወደቀ ዛፍ» በማንም አልተወደቀም፣ ግን «አ ፎለን ትሪ» ይባላል፤ «ጡረታ የወጡ መምህር»ም «አ ሪታየርድ ቲቸር» ናቸው።

እርምጃ 5፦ ከስሙ ፊት ወይስ ኋላ?

ሕጉን ከላይ አይተነዋል፤ ብቻውን ከሆነ ከፊት፣ ጭነት ካለው ከኋላ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ብቻቸውን ሆነውም ከኋላ መቀመጥ የሚሹ አሉ። «ዘ ፒፕል ኢንቮልቭድ» (ጉዳዩ ውስጥ ያሉት ሰዎች)፣ «ዘ መኒ ሌፍት» (የተረፈው ገንዘብ)፣ «ዘ ኢሹስ ዲስከስድ» (የተነሡት ጉዳዮች)፣ መግቢያው ላይ ያየነው «ኮንሰርንድ»ም። እነዚህን በቃል መያዝ ይሻላል።

ተውሳከ ግስ ፓርቲሲፕሉን ገልጾ፣ ሁለቱ ተባብረው ስሙን ሲገልጹ ደግሞ ከፊት ይቆማሉ፦ «አ ኒውሊ ቢልት ሀውስ» (አዲስ የተሠራ ቤት)፣ «አ ዌል-ኖውን ሲንገር» (የታወቀ ዘፋኝ)። «ዌል» በጭረት ትያያዛለች፤ በ«ሊ» የሚያልቁት ግን ጭረት አይደረግባቸውም።

እርምጃ 6፦ «ሁ»ን መቼ ማውጣት ይቻላል?

«ዘ ገርል ሁ ኢዝ ስታንዲንግ ባይ ዘ ዶር» ከሚለው «ሁ ኢዝ» ቢወጣ «ዘ ገርል ስታንዲንግ ባይ ዘ ዶር» ይቀራል። ይህን የለመደ ተማሪ «ሁ»ን ካየበት ቦታ ሁሉ መንቀል ይጀምራል። ሦስት ቦታ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ።

አንደኛ፣ ስሙ የንኡስ አንቀጹ ባለቤት ካልሆነ። «የገዛሁት መጽሐፍ» ላይ ገዢው እኔ ነኝ እንጂ መጽሐፉ አይደለም። ስለዚህ «ዘ ቡክ አይ ቦት» እንጂ «ዘ ቡክ ባዪንግ» አይሆንም።

ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ ናት። ይህን «ዘ ውመን ዊኒንግ ዘ 10,000 ሜተርስ ኢን 1992» ማለት አይቻልም፤ «ኢንግ» በመካሄድ ላይ ያለን ወይም የዘወትርን ነገር ይሥላልና ደራርቱ እስከ ዛሬ እያሸነፈች ያለች ያስመስላል። «ዘ ውመን ሁ ዎን» በሉ። «ስልኬን የሰረቀው ልጅ»ም «ዘ ቦይ ሁ ስቶል ማይ ፎን» ነው፤ «ዘ ቦይ ስቲሊንግ ማይ ፎን» ካላችሁ እጁ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ተሳቢ የማይቀበል ግስ በኃላፊ ጊዜ ሲመጣ። በፈተና ወረቀት ላይ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። «ትናንት የመጣው ሰውዬ አጎቴ ነው» ለማለት «ዘ ማን ኬም የስተርደይ ኢዝ ማይ አንክል» ይጻፋል። አንባቢው «ዘ ማን ኬም የስተርደይ» ላይ ሲደርስ ዐረፍተ ነገሩ አልቋል ብሎ ያርፋል፤ «ሰውዬው ትናንት መጣ» ነዋ። ከዚያ «ኢዝ» ስትመጣ ይደናበራል። «ሁ» የግድ ናት፦ «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርደይ»።

በተገብሮው በኩል ግን መንገዱ ክፍት ነው፤ ያለቀ ድርጊትም ቢሆን ችግር የለበትም። «ዘ ኦቤሊስክ ቴከን ቱ ሮም ኢን 1937 ናው ስታንድስ ኢን አክሱም»፤ በ1937 ወደ ሮም የተወሰደው ሐውልት አሁን አክሱም ቆሟል። እዚህ «ቱክ» ብትሉ ሐውልቱ ወሳጅ ይሆናል፤ ሦስተኛውን ቅርጽ «ቴከን»ን ምረጡ። በ2005 የተመለሰውን ሐውልት «ዘ ኦቤሊስክ ሪተርንድ ፍሮም ሮም ኢን 2005» ስንል ደግሞ «ሪተርንድ» ኃላፊ ጊዜውም ፓርቲሲፕሉም አንድ ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቀጥሎ ዋና ግስ መምጣት አለመምጣቱን በማየት ነው። ከመጣ ገላጭ ነበር፤ ካልመጣ ራሱ ዋና ግስ ነው። ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ስታነቡ ዋናውን ግስ አስቀድማችሁ የማደን ልማድ ብታወጡ ግማሹ ጭንቀት ይቀልላችኋል።

እርምጃ 7፦ ኮማውን ወስኑ

ገላጩ «ከሌሎቹ ይህኛው» ብሎ ለመለየት ከመጣ ኮማ የለም። ስሙ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ ተጨማሪ ወሬ ከሆነ በኮማ ይከበባል። «ማይ ሲስተር ሁ ሊቭስ ኢን ዱባይ» ያለ ኮማ ሲጻፍ ሌሎች እኅቶችም እንዳሉኝ ይናገራል፤ ከ«ሲስተር» ኋላ ኮማ ሲገባበት ያለችኝ አንድ እኅት ናት፣ እግረ መንገዴንም የምትኖርበትን ነገርኳችሁ። «የምትኖረው» የሚለው አማርኛ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት «ስንት ናቸው?» ብላችሁ ቁጠሩ። የተጸውዖ ስም አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኮማ ይፈልጋል።

እርምጃ 8፦ ዐረፍተ ነገሩን የሚከፍተውን ፓርቲሲፕል ባለቤቱ ጋር አገናኙ

«ረኒንግ ቤርፉት፣ አበበ ቢቂላ ዎን ዘ ማራቶን ኢን ሮም ኢን 1960።» በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። «ቤርፉት» የምትለው ተውሳከ ግስ «ረኒንግ»ን ትገልጻለች፤ ሁለቱ ተያይዘው ከኮማው ቀጥሎ የሚመጣውን ስም፣ አበበን፣ ይገልጻሉ። ሕጉ ይኸው ነው፦ ከኮማው ኋላ የሚመጣው ባለቤት የድርጊቱ ፈጻሚ መሆን አለበት።

አሁን ያንኑ በተገብሮ ጻፉት፦ «ረኒንግ ቤርፉት፣ ዘ ጎልድ ሜዳል ዎዝ ዎን ባይ አበበ ቢቂላ።» በባዶ እግሩ የሮጠው ሜዳሊያው ሆኖ አረፈ!

ይህ ስህተት ለእኛ የሚቀለው በሰነፍነት አይደለም። አማርኛ ቦዝ አንቀጽ አለው፤ «ሮጦ፣ ሮጣ፣ ሮጬ፣ ሮጠን»። ባለቤቱ በቃሉ ጅራት ላይ ተለጥፏል። «እየ» ያለበትም ግስ እንዲሁ ነው፤ «ወደ ቤት እየሄድኩ ዝናብ ጣለ» ስንል የሚሄደው እኔ፣ የሚጥለው ዝናቡ መሆኑን «ኩ» ትነግረናለች፤ ማንም አይሳሳትም። እንግሊዝኛው «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ» ሲል «ኩ» የለችም፤ ቅርብ ያለው ስም ዝናቡ ነውና ወደ ቤት የሚሄደው ዝናቡ ይሆናል።

ማረሚያው ሁለት ነው። ወይ ባለቤቱን ለውጡ፦ «ዎኪንግ ሆም፣ አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን» (ዝናብ ያዘኝ)። ወይ «ኩ»ን በእንግሊዝኛ መልሱ፦ «ዋይል አይ ዎዝ ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ስታርትድ»። ሁለተኛው ለአማርኛ ተናጋሪ ይቀላል ባይ ነኝ፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ የራሱን ባለቤት ይዞ ስለሚመጣ መፈለግ አያሻም። «ኮንሲደሪንግ»፣ «ጀጂንግ ፍሮም»፣ «ጀነራሊ ስፒኪንግ» የሚሉት ግን እንደ መስተዋድድ ስለ ደነደኑ ባለቤት አይጠየቁም።

ሐረጉ መጨረሻ ላይ ሲመጣም ያው ችግር አለ። «ሺ ጌቭ ዘ ብሬድ ቱ ዘ ጌስት ራፕድ ኢን ፕላስቲክ» ሲባል በፕላስቲክ የተጠቀለለው እንግዳው ነው። «ራፕድ ኢን ፕላስቲክ» የሚለውን አንሥታችሁ ከ«ብሬድ» ጎን አስቀምጡት።

እርምጃ 9፦ ሁሉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ሞክሩት

ይህን ተርጉሙ፦ «ትናንት ከጎንደር የመጣችው፣ ነጠላ የለበሰችው ሴት ፎቅ ላይ ያሉትን ሰዎች ትፈልጋለች።»

አጽሙ «ዘ ውመን ኢዝ ሉኪንግ ፎር ዘ ፒፕል» ነው። «የለበሰችው» የአሁን ሁኔታ ስለሆነ «ዌሪንግ አ ነጠላ»። «የመጣችው» ያለቀና ተሳቢ የማይቀበል ስለሆነ «ሁ ኬም ፍሮም ጎንደር የስተርደይ»። «ፎቅ ላይ ያሉት» ያለ ግስ «አፕስቴርስ»። አጭሩን ገላጭ ወደ ስሙ አስጠግታችሁ ስትገጥሙት፦ «ዘ ውመን ዌሪንግ አ ነጠላ ሁ ኬም ፍሮም ጎንደር የስተርደይ ኢዝ ሉኪንግ ፎር ዘ ፒፕል አፕስቴርስ።» ሁለቱን ገላጮች ብታቀያይሩና «ዌሪንግ አ ነጠላ» የሚለውን ከ«የስተርደይ» ኋላ ብታመጡት፣ ነጠላውን ትናንት መንገድ ላይ ለብሳው ነበር የሚል ትርጉም ይገባበታል፤ ዛሬ ምን እንደለበሰች ግን አይታወቅም።

የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ በ«ዜም» ፈትኗት። «ሉኪንግ ፎር ዜም» ብላችሁ ከበቃችሁ ደህና። አንባቢው «ሉኪንግ ፎር ዜም አፕስቴርስ» ብሎ ሊረዳው ይችላል ብላችሁ ከሠጋችሁ ግን «ዘ ፒፕል ሁ ሊቭ አፕስቴርስ» ብላችሁ ጻፉት፤ አለዚያ ሴትዮዋ ታች ቆማ ስትጠይቅ እናንተ ፎቅ ለፎቅ ስትፈልግ አድርጋችኋታል።